ባለ 6 ሊትር የፎም እሳት ማጥፊያ ለመኖሪያ ቤት፦ ውሃው የት ይሠራል፣ የትስ አደጋ ይሆናል?

በአዲስ አበባ የደህንነት ዕቃ ወደሚሸጥበት መደብር ገብቶ የእሳት ማጥፊያ ለጠየቀ ሰው በአብዛኛው የሚቀርብለት ቀይ ሲሊንደር ደረቅ ዱቄት የያዘ ነው። ዱቄቱ ብዙ ዓይነት እሳት ያጠፋል፣ በመኪናም በሱቅም በመጋዘንም ይቀመጣል፣ ሙሌቱም በቀላሉ ይገኛል። በዚያው መደርደሪያ ጥግ ግን ብዙ ጊዜ ፈላጊ አጥቶ አቧራ ለብሶ የሚቆም ሌላ ቀይ ሲሊንደር አለ፤ በውስጡ ያለው ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። 6 ሊትር ውሃ ጥቂት አረፋ የሚያወጣ ፈሳሽ ተቀላቅሎበት፣ በታመቀ ጋዝ እየተገፋ በጎማ ቱቦ ይወጣል። በንግዱ አጠራር «ፎም» ይባላል። ይህን ዕቃ ገዝቼ ቤቴ ሰቅያለሁ፣ በግቢያችንም እሳት አንድዶ መሞከር እስከሚቻል ድረስ ሞክሬዋለሁ። ለመኖሪያ ቤት ሳሎንና መኝታ ክፍል ከዱቄቱ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ወደ ማድ ቤት ግን እንዲገባ አልፈልግም። ለሁለቱም አቋሜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ውሃ በእሳት ላይ ሲያርፍ የሚሆነው ነገር ነው።

የሞከርኩት ዕቃ ከውጭ የገባ ሲሆን፣ በተለያየ ስም ወደ ገበያችን የሚመጡት ባለ 6 ሊትር ፎሞች በአሠራር ስለሚመሳሰሉ የምለው ሁሉንም የሚመለከት ነው።

እንጨት፣ ጨርቅ ወይም ፍራሽ ሲነድ የምናየው ነበልባል የእንጨቱ ወይም የጨርቁ ራሱ አይደለም። ዕቃው ሲግል ከላዩ የሚቃጠል ጋዝ ይለቃል፣ የሚነደው ይኸው ጋዝ ነው፤ የነበልባሉ ሙቀት ደግሞ ተመልሶ ዕቃውን እያጋለ ሌላ ጋዝ ያስወጣዋል። ይህን ዑደት ለመስበር ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ የዕቃውን ገጽ ጋዝ መልቀቅ እስኪያቆም ድረስ ማቀዝቀዝ ነው፤ በዚህ ሥራ ደግሞ በቤታችን ካሉት ነገሮች ሁሉ ውሃን የሚተካከል የለም። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 100 ዲግሪ ለመሞቅ 335 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ያው ውሃ ከ100 ዲግሪ ሳያልፍ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ ግን 2,257 ኪሎ ጁል ይፈልጋል፤ ይህም ለመሞቅ ከወሰደው ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ የውሃው ትልቁ ጉልበት ያለው በመትነኑ ላይ ነው፤ ሳይተን ወለል ላይ የፈሰሰ ውሃ አብዛኛውን አቅሙን ይዞ ባክኗል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዞ የሲሊንደሩን 6 ሊትር ያሰላ ሰው መጀመሪያ ላይ ቅር ሊለው ይችላል። ስድስቱም ሊትር አንድ ጠብታ ሳይባክን ቢተን የሚወስደው ሙቀት 15,500 ኪሎ ጁል ገደማ ሲሆን፣ ይህም አንድ ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ነው። አንድ ኪሎ እንጨት የአንድ ወንበር እግርና መደገፊያ ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ማጥፊያው እንጨቱ ያለውን ሙቀት በሙሉ እንዲውጥ አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት በዚያች ቅጽበት የጋለውን ገጽ ብቻ ማቀዝቀዝ ነው። ለዚህም ነው በአውሮፓ መለኪያ «13 ኤ» («ኤ» እንደ እንጨትና ጨርቅ ያለ ጠጣር ዕቃ እሳት ማለት ነው) የሚል ምልክት የተጻፈበት ባለ 6 ሊትር ማጥፊያ በፈተና ላይ 1.3 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሥርዓት የተደረደረ የእንጨት ክምር ሲነድ ማጥፋት የሚችለው። ቁጥሩ የክምሩን ርዝመት በዴሲ ሜትር የሚያሳይ ስለሆነ፣ ገዢው «13 ኤ» እና «21 ኤ» የተጻፈባቸውን ሁለት ሲሊንደሮች ሲያወዳድር ልዩነታቸውን በዓይነ ሕሊናው ሊስለው ይችላል። ምንም ዓይነት የአቅም ምልክት ያልተጻፈበትን ሲሊንደር እኔ አልገዛም፤ ሌላውም ሰው እንዲገዛ አልመክርም።

በብዙዎቻችን ቤት በርሜልና ጄሪካን የማይጠፋ በመሆኑ፣ 20 ሊትር ውሃ እያለ ለ6 ሊትር ይህን ያህል ወጪ ለምን እንደሚያስፈልግ መጠየቁ ተገቢ ነው። ከባልዲ የተደፋ ውሃ በአንድ ላይ ተያይዞ ስለሚወድቅ እሳቱን የሚነካው በውጫዊ ገጹ ብቻ ነው፤ የተረፈው ቁልቁል ይፈሳል። ከማጥፊያው አፍንጫ የሚወጣው ግን በብዙ ሺህ ጠብታ የተከፋፈለ በመሆኑ ያው መጠን ያለው ውሃ እጅግ የሰፋ ገጽ ኖሮት ሙቀቱን ይቀበላል፣ በቶሎም ይተናል። ከዚህም በላይ ባልዲ ይዞ የሚሄድ ሰው ወደ ነበልባሉ በጣም መቅረብ አለበት፣ አንዴ ከደፋ በኋላም ባዶ እጁን ይቀራል። ማጥፊያው ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ተቁሞ የሚረጭ ነው፤ እጀታውን ለቅቆ ማቆም፣ አይቶ እንደገና መርጨት ይቻላል። በርሜሉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ፍሙን ለማርጠብ እንጂ መጀመሪያ ለመድረስ አይሆንም።

ለሙከራው በግማሽ በተቆረጡ ሁለት በርሜሎች ውስጥ የተፈረካከሰ ፓሌት አንድደን እንጨቱ ውስጡ ድረስ ፍም እስኪሆን ጠበቅን። በአንዱ በርሜል ላይ ዱቄቱን ረጨን። ነበልባሉ በዓይን ጥቅሻ ጠፋ፤ ግቢው በቢጫማ ነጭ ደመና ተሸፈነ፣ አጠገብ የቆምነው ሁላችን አፍንጫችንን ይዘን ራቅን። ደመናው ሲገፈፍ እንጨቶቹ ዱቄት ለብሰው ሞተው ይታዩ ነበር፤ ነገር ግን አንዱን እንጨት በብረት ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ደማቅ ቀይ ፍም ነበር፣ ነፋስ ሲያገኘውም ዱቄቱ ካልደረሰበት ከታችኛው ጥግ እንደገና ነበልባል ወጣ። ዱቄቱ በነበልባሉ ውስጥ የሚካሄደውን የመቃጠል ሂደት በመበጠስና ገጹን በመሸፈን የሚሠራ ስለሆነ ሙቀቱን ከእንጨቱ ውስጥ አያወጣውም። ፎሙን በሌላኛው በርሜል ላይ ስንረጭ ነበልባሉ ትንሽ ታገለ፤ ጩኸቱ ከፍተኛ ነበር፣ ነጭ እንፋሎትም ወደ ላይ ተንቦገቦገ፣ ለጥቂት ቅጽበትም እሳቱ የበረታ መስሎ ነበር። ከዚያ ግን እንጨቱ ጥቁር ሆኖ፣ በላዩ ስስ የአረፋ ሽፋን ተኝቶበት ቀረ። ብረቱን አስገብቼ ስገለብጠው ውስጡ ላይ ቀይ ነገር አላየሁም፤ በቆየም ጊዜ አልተነሳም። ለቤት የፈለግሁት ይህንን ነው፤ ማታ የጠፋ የመሰለው ሶፋ ሌሊት ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ እንዳይነሳ።

የአረፋው ፈሳሽ ዋና ጥቅም በተለይ በፍራሽ ላይ ይታያል። ተራ ውሃ በስፖንጅ ፍራሽ ወይም በጥጥ ላይ ሲፈስ በላዩ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ በቶሎ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ፈሳሹ የውሃውን ገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ ውሃው ሥር ድረስ ይገባል። የጥጥ ፍራሽ ላዩ ጠፍቶ ውስጥ ውስጡን ለሰዓታት ሊጨስ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ይረዳል። የስፖንጁ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጠባይ አለው፤ በፍጥነት ይነዳል፣ ከጭሱም ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይለቃል፤ ሁለቱም በጥቂት ትንፋሽ ሰውን የሚጥሉ መርዞች ናቸው። ስለዚህ ፍራሹ ከዳር እስከ ዳር ከተያያዘ፣ ወይም ጭሱ ከጣሪያው ወርዶ ከፊት ለፊት ከደረሰ፣ ማጥፊያው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውን ሁሉ ማስወጣት፣ በሩን ዘግቶ መውጣት፣ ለእሳትና አደጋ መከላከል 939 መደወል። 6 ሊትሩ የሚበቃው መብራት ሲጠፋ የበራ ሻማ መጋረጃ ሲነካ፣ ከከሰል ምድጃ የተፈናጠረ ፍም ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ፣ ባጭሩ እሳቱ ገና ሳይሰፋ ሲደርሱበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዕቃ በትክክል ይሠራል።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ያለው ነው። ሳምቡሳ ወይም ድንች ሲጠበስ መጥበሻው ተረስቶ ዘይቱ መጀመሪያ ይጨሳል፣ ሙቀቱ ወደ 350 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ሲደርስ ደግሞ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ሳያስብ እጁን የሚሰድደው ወደ ውሃ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ሥሩ ይሰምጣል፤ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ከሦስት እጥፍ በላይ በጋለ ዘይት መካከል ስለሚገኝም ወዲያው ይተናል። አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ወደ 1,700 ሊትር የሚጠጋ እንፋሎት ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነም ያው አንድ ሊትር ከ2,000 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። አንድ ብርጭቆ ውሃ በመጥበሻ ሥር በአንዴ ከ400 ሊትር የማያንስ እንፋሎት ሲሆን በላዩ ያለውን የሚነድ ዘይት አንስቶ በጥቃቅን ጠብታ ወደ አየር ይበትነዋል፤ እያንዳንዱ ጠብታ ደግሞ አየር ያገኛልና በአንድ ላይ ይነዳል። ከመጥበሻ ላይ አንድ ክንድ የነበረው ነበልባል ጣሪያ የሚነካ ይሆናል፣ የሚበተነውም ዘይት ውሃውን በያዘው ሰው ፊትና እጅ ላይ ነው። በሳሎን ውስጥ ውሃውን ጠቃሚ ያደረገው መትነኑ እዚህ ጋ ሰውን የሚጎዳው ያው መትነኑ ነው።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በምልክቱ ላይ ነው። ፎሙ «144 ቢ» የሚል ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ «ቢ» የሚነድ ፈሳሽ ማለት በመሆኑ ዘይትም ፈሳሽ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። የ«ቢ» ፈተና የሚደረገው ግን በትሪ ላይ በተንጣለለ፣ እንደ ቤንዚን ያለ ፈሳሽ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ላይ አረፋው ተንሳፍፎ ተንኑን ከአየር ይለየዋል። የጋለ የምግብ ዘይት ግን ከራስ መቀጣጠያው ሙቀት በላይ ስለሆነ አረፋው ሲሳሳ ወይም ሲተን እንደገና ይነሳል፣ የፎሙ ግፊትም ዘይቱን ከመጥበሻው ሊያስወጣው ይችላል። ለምግብ ዘይት የተለየ መደብ አለው፤ በአውሮፓ ምልክት «ኤፍ» ነው። ለዚህ መደብ የሚሠራው ማጥፊያም ውሃ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ያስደንቃል፦ የፖታሲየም ጨው የተሟሟበት ውሃ በረጅም ቧንቧ በዝግታ እንደ ካፊያ ይወርዳል፣ ጨውም ከጋለው ዘይት ጋር ተዋሕዶ በላዩ የሳሙና ሽፋን ይሠራል፣ ውሃው ደግሞ ከላይ ያቀዘቅዘዋል። ውሃ ከዘይት እሳት ጋር ሊስማማ የሚችለው እንዲህ ለዚሁ ተብሎ ሲዘጋጅ ነው። ምግብ ቤትና ሆቴል ያላችሁ ሰዎች መግዛት ያለባችሁ ይህን ነው፤ በፎም አትተኩት።

ለቤት ማድ ቤት ግን ከሁሉም የሚቀለውና የሚሻለው እዚያው ያለ ነው። መጥበሻውን የሚገጥም የብረት ክዳን ከምድጃው አጠገብ፣ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይሰቀል። ክዳኑ ከጠበበ የኤሌክትሪክ ምጣዱ የብረት አክንባሎ ሰፊ ስለሆነ ሊያገለግል ይችላል፤ በሣርና በእበት የተሠራው የጥንቱ አክንባሎ ግን ራሱ ስለሚነድ አይሆንም። እሳቱን በጎን በኩል በማንሸራተት መክደን፣ ምድጃውን ማጥፋት፣ ከዚያም መጥበሻውን ሳይነኩና ክዳኑን ሳያነሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መተው ነው። ክዳኑ አየሩን ቢከለክለውም ዘይቱ ገና የጋለ በመሆኑ ቶሎ የተከፈተ መጥበሻ አየር ሲያገኝ እንደገና ይነሳል። ከመስታወት ክር የተሠራ የእሳት ብርድ ልብስም ይሸጣል፤ ዋጋው ከሲሊንደሩ በጣም ያነሰ ነው፤ ከፎሙ ጋር አብሮ ቢገዛ ቤቱ የተሟላ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ነገር ልበል። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፤ የቧንቧ ውሃና ፎሙ ግን ጨውና ኬሚካል ስላላቸው ያስተላልፋሉ። አንዳንድ ባለ 6 ሊትር ፎሞች በ35,000 ቮልት የተፈተኑና እስከ 1,000 ቮልት ባለው ዕቃ ላይ ከ1 ሜትር ርቀት ሊረጩ እንደሚችሉ የሚገልጽ ጽሑፍ አላቸው፤ ይህ የሚያገለግለው ሳያውቁ በሽቦ ላይ ቢረጭ ሰውየውን ለማትረፍ እንጂ ሆን ብሎ ቆጣሪ ላይ ለመርጨት አይደለም። ማከፋፈያው ወይም ምጣዱ ሲጨስ መጀመሪያ ብሬከሩን ማውረድ ይቀድማል፤ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ የቀረው የፕላስቲክና የእንጨት እሳት ነው፣ ለዚያ ፎሙ ይሆናል። ቡታጋዝ ላይ ደግሞ ማጥፊያው ዋናው መሣሪያ አይደለም፦ የሲሊንደሩን መዝጊያ መዝጋት ከተቻለ እሳቱ በራሱ ይጠፋል፤ ጋዙ እየወጣ ነበልባሉን ብቻ ማጥፋት ግን ክፍሉን በማይታይ ጋዝ መሙላትና ቀጣዩን ብልጭታ መጠበቅ ነው። በነጭ ጋዝና በቤንዚን ላይ ፎሙ በደንብ ይሠራል፤ ግን በቀጥታ ፈሳሹ መሐል እንዳይረጭ፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ እያስመቱ አረፋው ቀስ ብሎ እንዲወርድበት ማድረግ ያስፈልጋል።

የነጠላ ጫፍ በምድጃ ተይዞ ልብስ ሲነድ፣ ሰውየው ሳይሮጥ መሬት ላይ ተኝቶ እንዲንከባለል ማድረግና የቀረበውን ውሃ ማፍሰስ ነው። የተቃጠለ ቆዳም ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ውሃ ነው፤ በረዶ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ። ቅቤ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያቆየዋል፣ ለሐኪሙም ቁስሉን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሙሉ ሲሊንደሩ ወደ 10 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ቀላል አይደለም። እናቴ እጀታውን ይዛ ከግድግዳው ላይ አወረደችው፣ ጥቂት እርምጃም ይዛው ሄደች፤ ፒኑን መንቀል ላይ ግን ተቸገረች። ምክንያቱ ፒኑ እንዳይወጣ የታሰረበት ቀጭን የፕላስቲክ ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ የሚበጠሰው ፒኑ እየተጠመዘዘ ሲሳብ ሲሆን፣ እሷ እጀታውን በሌላ እጇ ጨብጣ ስለነበር ፒኑ ተነክሶ አልወጣ አለ። «ልጄ፣ እሳት እየነደደ እንዲህ ልታገል ነው?» አለችኝ፤ ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሲሊንደሩን መሬት ላይ አቁሞ፣ እጀታውን ሳይጨብጡ ፒኑን አጠማዝዞ መንቀል መሆኑን ካሳየኋት በኋላ ያለ ችግር አወጣችው። ማጥፊያ ያለው ቤት ሁሉ አያትንም ሠራተኛንም ጨምሮ ፒን መንቀሉን በእጅ ያለማመድ፤ በምልክት ላይ የተሣለው ሥዕል ይህን አይነግርም። የጉልበት ችግር ያለበት ቤት ባለ 3 ሊትሩን ቢወስድ ይሻላል፤ አቅሙ ግማሽ ቢሆንም በእጅ የሚያዝ ማጥፊያ ግድግዳ ላይ ከሚቀር ይጠቅማል።

የምልክቱ ጽሑፍ በውጭ ቋንቋ ብቻ መሆኑን እንደ ጉልህ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። እኔ በአማርኛ አጭር ወረቀት ጽፌ በሲሊንደሩ ጎን ለጥፌያለሁ፦ «ለእንጨት፣ ለጨርቅ፣ ለፍራሽ፣ ለወረቀት። ለዘይት መጥበሻ በጭራሽ። መጀመሪያ ብሬከር።» አስመጪዎች ይህን ቢያደርጉ የሚያወጡት ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የግፊት ጌጁ ግልጽ ነው፤ ቀስቱ በአረንጓዴው ክልል መሆኑን በየወሩ ማየት በቂ ነው። ከግዢ በፊት ግን ጌጁን ብቻ አይቶ መርካት አይገባም፤ አንድ ሻጭ ያሳየኝ ሲሊንደር ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ሆኖ የቱቦው ጫፍ በድርቀት ተሰንጥቆ ነበር። ቱቦውን ማጠፍ፣ አፍንጫውን ማየት፣ በሥሩ ዝገት መኖሩን መመልከት፣ የተመረተበትን ዓመት ማንበብ ያስፈልጋል።

አረፋውን ስለሚሠራው ፈሳሽም ሻጩ መጠየቅ አለበት። ለብዙ ዓመታት የአረፋ ማጥፊያዎች በአካባቢና በሰውነት ውስጥ የማይበሰብሱ የፍሎሪን ውህዶች ሲደረግባቸው ቆይቷል፤ ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ በ2009 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ገብተዋል። አሁን ያለ ፍሎሪን የተሠሩ ፈሳሾች በገበያ ላይ አሉ። በግቢ ውስጥ ጓሮ አትክልት ላለው፣ የጉድጓድ ውሃ ለሚጠጣም ቤተሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለምና፣ ምልክቱ ላይ ከፍሎሪን ነጻ መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ ይሻላል።

ፎሙ በውሃ የተሠራ እንደመሆኑ ብርድ አይወድም። አብዛኛው ከዜሮ ዲግሪ በላይ እንዲቀመጥ የታሰበ ነው። በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ይህ አያሳስብም፤ ደብረ ብርሃንን በመሰሉ ደጋማ ከተሞች ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ፣ በረንዳ ላይ ወይም በቆርቆሮ ዘበኛ ቤት የተሰቀለ ሲሊንደር ውስጡ ሊረጋ ይችላል። እዚያ የሚኖር ሰው ውስጥ፣ ከመውጫው በር አጠገብ ይስቀለው፤ ለመኪናም ዱቄቱን ይያዝ። ከበሩ አጠገብ መሆኑ ለሌላም ምክንያት ይጠቅማል፤ ማጥፊያውን የሚያነሳው ሰው ጀርባው ወደ መውጫው እንዲሆን ያደርጋል።

ስለ ሰፈር አቀማመጥም ማሰብ ይገባል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሳው ቃጠሎ ላይ የመተላለፊያው ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አስቸጋሪ አድርጎት እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። መኪና የማይገባበት ጉራንጉር ውስጥ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች፣ ከእነሱ አጠገብ ያሉ ጎረቤቶችም፣ በየቤታቸው አንድ አንድ ማጥፊያ ቢኖራቸው እንደ ተራ ቅንጦት መታየት የለበትም። ዕድሮች ድንኳንና ድስት እንደሚገዙ ሁሉ ጥቂት ሲሊንደሮችን ለአባላት በጋራ ቢገዙና አጠቃቀሙን በወር ስብሰባ ላይ ቢያሳዩ እጅግ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሙሌት ነው፤ በዚህ ፎሙ ከዱቄቱ ያንሳል። አንዴ ፒኑ ተነቅሎ የተረጨ ሲሊንደር ግማሹ ቢተርፍ እንኳ ግፊቱ ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ ወደ ግድግዳው አይመለስም፣ መሞላት አለበት። አምራቾች ባይረጭ እንኳ በዓመት አንዴ በባለሙያ እንዲታይ፣ ብዙዎቹም በየ5 ዓመቱ ፈሳሹ ተደፍቶ እንደ አዲስ እንዲሞላ ያዛሉ። በጠየቅኋቸው መደብሮች ዱቄት የሚሞላው ሁሉ ፎም አይሞላም፤ አንዱ መደብርም የአረፋውን ፈሳሽ ትቶ ተራ የቧንቧ ውሃ ሊሞላልኝ ሐሳብ አቅርቦልኛል። በተራ ውሃ የተሞላ ሲሊንደር እንጨት ያጠፋል፤ ፍራሽ ውስጥ ግን በደንብ አይሰርግም፣ በቤንዚንና በነጭ ጋዝ ላይ ሲረጭ ደግሞ ፈሳሹን እያንሳፈፈ እሳቱን ያሰፋዋል፤ ከውጭ የተጻፈበት ምልክት ግን አሁንም «ፎም» ይላል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈል በፊት ሻጩ ራሱ ፎም የሚሞላ መሆኑን፣ የሚሞላውን ፈሳሽ በዕቃው አሳይቶ፣ የሞላበትን ቀን በሲሊንደሩ ላይ ጽፎ ፈርሞ እንደሚሰጥ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ የማይችል ሻጭ ጋ የዕቃው ዋጋ ቢረክስም እኔ አልገዛም።